ለወንድሜ ያልተሰጠው ኢንዛይም

ወንድሜን ገላው ላይ ቁስል ሳይኖርበት ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ያብጣል። አንገቱ ሥር፣ ብብቱ ውስጥ፣ ከጆሮው ጀርባ እብጠት ይወጣና ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ይፈርጥና መግሉ ለሳምንታት ይወርዳል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። አባቴ ዲላ መናኸሪያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ እኛ ከሱቁ በስተጀርባ ባሉት ክፍሎች እንኖር ነበር። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥላ እህቴ አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ እሱ ተወለደ። በቤቱ ያለው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነበር።

እናቴ ክሊኒክ ስታመላልሰው ብዙ ጊዜ አብሬያት እሄድ ነበር። ድሬሰሩ ከቡናማ ጠርሙስ ውኃ የሚመስል ነገር ቁስሉ ላይ ያፈስበታል፤ ነጭ አረፋ ኩፍ ይላል። ወንድሜ ማልቀሱን ትቶ አረፋውን ያያል። «ፈላ» ይላል። ፐርኦክሳይድ የሚባል ነገር መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

የእጢ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረ። ለብዙ ወራት ሳያቋርጥ ዋጠ። ሻል አለው፤ ከዚያ ተመልሶ አበጠ። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ ያንን ልጅ ያየ ሐኪም ሌላ ሊያስብ የሚችለው ነገር አልነበረም። ጎረቤቶችም የየራሳቸው ግምት ነበራቸው። «ዓይን ነው» ያሉ አሉ። እናቴ ጠበል ወሰደችው። አንዲት የአባቴ ዘመድ ግን ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥታ ሳለ፣ እናቴ እየሰማቻት፣ «የእሷ ዘር ነው፤ ወንድ አይበረክትላቸውም» አለች። እናቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ያም ሆኖ ወንድሜ እንደ በሽተኛ ልጅ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ አልነበረም። ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ አውቶቡሶቹን በጥሩንባቸው ይለያል። ዓይኑን ጨፍኖ «የገደብ ነው»፣ «የሞያሌ ነው» ይላል፤ እምብዛም አይሳሳትም። አባቴ ጨርቅ ሊለካ ሲነሳ ቀድሞት በራሱ ትንሽ ክንድ ይለካና ለገበያተኞቹ «በእኔ ክንድ ብትገዙ ይበዛላችኋል» ይላቸዋል። ሴቶቹ ይስቃሉ። አባቴም፣ ሳቅ የማይቀናው ሰው፣ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ይስቃል።

ከግቢያችን ጀርባ የቡና መፈልፈያ ነበር። ከመፈልፈያው የሚወጣው ገለባ ከአጥሩ ማዶ ይከመራል። ክረምት ሲገባ ክምሩ ይበሰብሳል፤ ጠዋት ጠዋት ከላዩ እንፋሎት ይነሳል። የሰፈሩ ልጆች አናቱ ላይ እየወጡ ይንሸራተቱ ነበር። እናቴ ቁስሉ እንዳይቆሽሽ ብላ ወንድሜን ትከለክለዋለች። በዚያ ክረምት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ገላው ደርቆ ነበር። የማኅበር እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ እናቴ ጉድ ጉድ ስትል፣ ቀሚሷን ይዞ እየተለማመጠ አላላውስ አላት።

«እሺ፣ ሂድ፤ ዛሬ ደህና ነህ» አለችው።

ከእግር እስከ ራሱ ገለባ ለብሶ፣ እየሳቀ ተመለሰ። እሷም እየሳቀች አጠበችው።

ብዙ ሳይቆይ ያስለው ጀመር። ትኩሳቱ ወጣ፤ ትንፋሹ አጠረ፤ የተወጋው መርፌ ሁሉ ምንም አልፈየደለትም። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እህቴንና እኔን አስገብተው አሳዩን። በመንገዱ ያለፈ አውቶቡስ ጥሩንባ ነፋ። የየት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ደክሞኛል» አለኝ። በማግስቱ ሞተ።

ከቀብር ስንመለስ እናቴ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ፣ «እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት» አለች። ከዚያ በኋላ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ዓመቱ ሳያልፍ ግን ያን ግቢ ለቅቀን ወደ ላይኛው ሰፈር ገባን።

ባዮሎጂ ያጠናሁት በወንድሜ ምክንያት ነው ብል ያምርልኝ ነበር፤ እውነቱ ግን የተመደብኩት እዚያ ነው። ሌላ ከተማ ተምሬ ተመለስኩና፣ ዲላ ያለው ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ በሆነበት ጊዜ አካባቢ ረዳት መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ። ኋላ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የቡና ቅጠል ዋግን መረጥኩ። ዋግ ፈንገስ ነው። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት ይነሰንሳል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ዛፉ ይራቆታል። ቅጠል በምሰበስብበት በዱመርሶ ግን ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ዛፎች አንዱ ሲራቆት ሌላው ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ይዞ ለምልሞ ይቆማል። ለምን? የእኔ ጥያቄ ይህ ነበር።

መልሱን ሌሎች ሰዎች በሌሎች ተክሎች ላይ አስቀድመው ደርሰውበታል። የፈንገሱ ክር ቅጠል ውስጥ ሲገባ፣ የተነካው ሴል ባዕድ መምጣቱን ያውቃል። በሴሉ ሽፋን ላይ የተተከለ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ያን ጊዜ ይነቃል። ከሴሉ ውስጥ ኤሌክትሮን እየወሰደ ውጪ ላለው ኦክስጅን ያቀብላል። ኤሌክትሮን የተጨመረበት ኦክስጅን እንደ ቀድሞው ሰላማዊ አይደለም፤ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል ነገር ይሆናል። ከእሱም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ይህ የመጣውን ጠላት ይጎዳል፤ የሴሉን ግድግዳ ያጠነክራል። ከዚህም በላይ መልእክት ነው፤ ጎረቤት ሴሎች ሲደርሳቸው እነሱም የየራሳቸውን ኢንዛይም ያነቃሉ፤ ለመከላከያ የሚሆኑ ጂኖቻቸውን ይከፍታሉ። ፈንገሱ የገባበት ሴል ብዙ ጊዜ ራሱን ይገድላል። ዋግ መመገብ የሚችለው ከሕያው ሴል ብቻ ስለሆነ፣ በሞቱ ሴሎች መካከል ተከቦ በረሃብ ያልቃል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ቢጫ የሆነ ቀለም አለ፤ ያ የተቀየረ ኦክስጅን ሲያገኘው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ቅጠሉን በዋግ ዱቄት እበክለውና ሰዓቱን ጠብቄ ቀለሙ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ከዚያ አረንጓዴው እስኪለቅ በአልኮል እቀቅለዋለሁ። በሽታውን የሚቋቋመው ዛፍ ቅጠል እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ ፈንገሱ በነካው ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ነቁጥ ይዞ ይወጣል። የማይቋቋመው እንዲሁ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በሽታው ገብቶበታል፤ ግን ምንም አልተሰማውም።

አማካሪዬ ከሰሜን የመጡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅጠሎቹን በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ «የዚህ ኢንዛይም ስም ከየት እንደመጣ አንብበሻል?» አሉኝ።

«አላነበብኩም።»

«ከሰው ነው። መጀመሪያ የታወቀው በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው። ተክሎች የእሱን ዘመድ ይዘው ሲገኙ ስሙን ወረሱ። አንብቢው፤ ለመግቢያሽ ይጠቅምሻል።»

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ በሽታ መከላከል የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ አወጣሁ። ነጭ የደም ሴሎቻችን የዋጡትን ባክቴሪያና ፈንገስ የሚገድሉት በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም እንደሆነ አነበብኩ። ቀጥሎ አንድ አጭር አንቀጽ ነበረ። ይህ ኢንዛይም ሳይሠራላቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ ይላል። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ እናት እሷ ሳትታመም ታወርሳቸዋለች። እጢያቸው እየደጋገመ ያብጣል፣ ይመግላል፤ ከቲቢ ጋር ይምታታል። በበሰበሰ ቅጠልና ገለባ ውስጥ የሚበቅል ሻጋታ በትንፋሽ ሲገባባቸው ሳንባቸውን ያቃጥላል፤ ይገድላል።

መጽሐፉን ዘጋሁት፤ መልሼ ከፈትኩት። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ተማሪዎች ስለ እግር ኳስ እየተንሾካሾኩ ይስቁ ነበር። ድሬሰሩ ከጠርሙስ ያፈስለት የነበረው ነገር፣ የወንድሜ ደም ራሱ ሊሠራው ይገባ የነበረ ነገር መሆኑ ያኔ ገባኝ። አንገቱ ላይ ሰው አፈሰሰለት። ሳንባው ውስጥ ማን ሊያፈስለት ይችል ነበር?

ለእናቴ አልነገርኳትም። የሞተውን የሚመልስ ነገር የለም፤ ገለባው ነው ብሎ መንገር ደግሞ ያንን ቀን እንደገና ማምጣት ነው። ለማን ይጠቅማል ብዬ ዝም አልኩ። ለማን እንደሚጠቅም ያወቅኩት እህቴ ስትደውልልኝ ነው።

እህቴ አግብታ ገደብ ትኖር ነበር፤ ባለቤቷ የቡና መፈልፈያ አለው። ወንድ ልጅ ከተገላገለች ወራት አልፏታል። «የቲቢ ክትባት የተወጋበት ቦታ አልድን አለ» አለችኝ። «ብብቱ ሥር እንቁላል አክሎ አብጧል። ጠብቂ፣ በራሱ ይጠፋል አሉኝ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምነው? እየሰማሽኝ ነው?»

«ነገ እመጣለሁ» አልኳት።

ቤታቸውና መፈልፈያው አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ገለባው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ተከምሯል። ልጁ አልጋ ላይ ተንጋሎ እግሩን ያወራጫል፤ ሰው ሲያይ የሚፈነድቅ፣ ድንቡሽ ያለ ሕፃን ነበር። እህቴ ብብቱን ገልጣ አሳየችኝ። ወንድማችን ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ግን አልረሳችም።

«የእሱ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል። የሚመረመርበት መንገድ አለ።» ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት። ልጁን አንስታ አቀፈችው፤ እስክጨርስ አላስቀመጠችውም።

ባለቤቷ በር ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር። ቃል የማያበዛ ሰው ነው። «ገለባ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ። የበሰበሰ ገለባ።»

ወጥቶ ሠራተኞቹን ጠራ። እኔና እህቴ ለአዲስ አበባ መንገድ ልብስ ስናዘጋጅ ከውጪ የአካፋ ድምፅ መጣ። «መስኮቱን ዝጉት!» ብሎ ጮኸ፤ «ልጁን ወደ ጓዳ አስገቡት፤ አቧራ ይነሳል!»

አዲስ አበባ ያየችን የሕፃናት ሐኪም ወጣት ነበረች። ስለ ወንድሜም ስለ ልጁም ነገርናት፤ ሳታቋርጠን ሰማች። «በትምህርት ካልሆነ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለች። «ምርመራው ያን ያህል አይከብድም። ደም፣ ማይክሮስኮፕና አንድ ቀለም ነው። ቀለሙ ግን እዚህ የለንም።»

«የትኛው ቀለም ነው፣ ዶክተር?»

ስሙን ነገረችኝ።

«እኔ ጋ አለ» አልኩ። «የቡና ቅጠል የማቀልምበት ነው።»

ለአፍታ አየችኝና ሳቀች። ከዚያ ሕፃኑን አይታ ሳቋን አቆመች። «ይምጣ» አለች።

ለአማካሪዬ ደወልኩ። ለምን እንደሆነ በአጭሩ ነገርኳቸው፤ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ብለው የቀለሙን ብልቃጥ በበረዶ አሽገው በሚያምኑት ሰው ላኩልኝ።

ሐኪሟና የላቦራቶሪው ባለሙያ መጀመሪያ የራሳቸውን ደም ሞከሩ። ሴሎቹ ጠቆሩ፤ ቀለሙ ይሠራል። ከዚያ የልጁን አደረጉ። ሐኪሟ በማይክሮስኮፑ ለረዥም ጊዜ አየች፤ ከዚያ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። በዚያ ክብ ብርሃን ውስጥ ሴሎቹ የገረጡ፣ ባዶ ነበሩ። አንድም ሰማያዊ አልነበረም። በሥራዬ ስንት ጊዜ ነጭ ቅጠል አይቻለሁ፤ ነጭ ነገር እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም።

«እናትየዋን እንይ» አለች።

የእህቴ ደም ሁለት ዓይነት ነበር። ግማሾቹ ሴሎች ጠቁረዋል፤ ግማሾቹ እንዳሉ ናቸው። እሷን ጤነኛ አድርጎ ያኖራት የጠቆረው ግማሽ ነው፤ ለልጇ የደረሰው ግን ሌላኛው ነው። «አንቺስ?» አለችኝ ሐኪሟ። እጄን ዘረጋሁላት። የእኔ ሁሉም ጠቆሩ።

እህቴ ውጤቱን ከፊቴ ላይ አወቀችው። «አንቺ የለብሽም» አለች።

«የለብኝም።»

«እሰይ» አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። ነገር ግን ልጇን ከእቅፌ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከአንድ ማህፀን ወጥተን፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አድገን፣ እሷ ያለ ጥፋቷ እኔም ያለ ጽድቄ እንዲህ ተለየን። ትከሻዋን ልይዛት እጄን አንስቼ መለስኩት። ምን ብዬ እንደምይዛት አላወቅኩም።

ሐኪሟ በየቀኑ የሚዋጥ የባክቴሪያ መድኃኒትና ለሻጋታ የሚሆን ሌላ አዘዘች፤ የብብቱም እብጠት ለብቻው ታከመ። «የሚያድነው የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ የለም» አለችን። «እስከዚያው ግን ከጠበቃችሁት ይኖራል። ከገለባ፣ ከፍግ፣ ከሻጋታ አርቁት። ትኩሳት ሲይዘው አትጠብቁ፤ ወዲያው አምጡት።»

ለእናቴ መንገር ግድ ሆነ። እህቴ «አንቺ ንገሪያት» አለችኝ። «እኔን ስታየኝ መስማት ትታ ታለቅሳለች።»

አባታችን ከሞተ ወዲህ እናቴ ዲላ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ስደርስ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ በደም ውስጥ ስላለው ኢንዛይም፣ ስለ ሻጋታው፣ ስለ ገለባው። ገለባ ስል እጇ ቆመ።

«ታዲያ እኔ ነኛ» አለች።

«አይደለሽም፣ እማዬ። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ተጫውተውበታል፤ ማንም አልሞተም። በዚያ ቀን ባይሄድ በሌላ ቀን ሌላ ቦታ ያገኘው ነበር። ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም።»

«ደሙስ? ደሙ ከማን ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ካንቺ ነው» አልኳት። «ያንቺም ከእናትሽ ሳይሆን አይቀርም።»

ምስሩን በጣቷ ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወራችኝ። ሁለት ወንድሞች ነበሯት፤ ሁለቱም የወተት ጥርሳቸውን ሳይቀይሩ ሞተዋል። አንደኛው አንገቱ ላይ የማይድን ቁስል ነበረው። ያቺ የአባቴ ዘመድ የተናገረችው ከነድምፅዋ ትዝ ይላታል። «እውነቷን ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ወንድ አለመበርከቱ እውነት ነው። እርግማን መሆኑ ነው ውሸቱ።»

«ለእናቴስ ማን ነገራት?» አለች። «እሷም እንደኔ ሂድ ያለችበት ቀን ይኖራት ይሆናል። ይዛው ተቀበረች።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ወንድሜ የሞተ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። ምስሩን ከጭኗ አነሳሁላት። ሲበቃት ዓይኗን ጠርጋ፣ «የዚያ ሕፃን መድኃኒት ይመራል? በምን ነው የሚያውጡት?» አለችኝ። በሳምንቱ ገደብ ሄደች፤ ክረምቱ እስኪያልፍ አልተመለሰችም።

የእህቴ ባል መፈልፈያውን ከከተማው ወጣ ወዳለ ቦታ አዛወረው። ቀላል አልነበረም፤ በዚያ አገር ከገለባ መሸሽ ከአየሩ እንደ መሸሽ ነው። ዛሬም ከሥራ ሲመጣ ውጪ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ነው ልጁን የሚያቅፈው። እህቴ ሌላ ልጅ አልወለደችም። እኔ አግብቼ ወንድ ልጅ ስወልድ አራስ ልትጠይቀኝ መጣች። ልጄን ተቀብላ ብዙ ሳመችው፤ ከዚያ ጣቷን ልብሱ ውስጥ አስገብታ ብብቱን ዳሰሰች። በሽታው እንደማይኖርበት ከእኔ እኩል ታውቃለች። ቢሆንም ዳሰሰች፤ እኔም ልብሱን ገለጥ አደረግኩላት።

የእህቴ ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ክረምት ሳንባውን ታሞ ብዙ ሰንብቶ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ አባቱ እየነዳ ወደ ገደብ ስንመልሰው እኔም ከእህቴ ጋር አብሬ ነበርኩ። ከመንገዱ ዳር በእንጨት ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል። ልጁ ከስቶ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ፣ በተዘጋው መስኮት ያየዋል።

«አባዬ፣ ትልቅ ስሆን ምን እሠራለሁ? እኔ ቡና አልነካም።»

«አስተማሪ ትሆናለህ» አለው አባቱ። «እንደ አክስትህ።»

«አክስቴም እኮ ቡና ነው የምትነካው።»

አባቱ በመስታወቱ አየኝ። «እኔ የምነካው አረንጓዴውን ቅጠል ነው» አልኩት። «እሱ አይጎዳህም። ስትበረታ ና፤ አሳይሃለሁ።»

«መቼ?» አለኝ።

«ትምህርት ሲዘጋ» አልኩት። እህቴ ከጎኑ ሆና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት።